ካላንክ ላይ የትኛውን መንገድ ልምረጥ? ከማርሴይ እስከ ካሲ ያሉት የእግር ጉዞዎች ሲነጻጸሩ

በደቡብ ፈረንሳይ፣ ከማርሴይ ደቡባዊ ጫፍ እስከ ካሲ ወደብ ድረስ 20 ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋው ነጭ የኖራ ድንጋይ ተራራ ካላንክ በመባል ይታወቃል። ባሕር የገባባቸው ጠባብና ገደላማ ሸለቆዎቹ ናቸው ስም ያወጡለት። በበረዶው ዘመን ባሕሩ ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ሳለ ውሃ የቦረቦራቸው ሸለቆዎች ነበሩ፤ በረዶው ቀልጦ ባሕሩ ከፍ ሲል ታችኛው ክፍላቸው ሰጠመ። ከ2012 ወዲህ አካባቢው ብሔራዊ ፓርክ ነው።

በከፍታ ከሆነ እዚህ ግባ የሚባል ተራራ አይደለም። ከማርሴይ እስከ ካሲ ትልቁ ጫፍ ሞን ፑጄ 565 ሜትር ብቻ ነው፤ እንጦጦን ለለመደ እግር ቁጥሩ ያስቃል። ይሁን እንጂ ሌላ ተራራ ላይ ድካሙ ጠዋት ነው፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት ቁልቁል ነው። ካላንክ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ጠዋት በጥሩ ጉልበት ወደ ባሕር ትወርዳላችሁ፣ ትዋኛላችሁ፣ ትበላላችሁ፤ ከዚያ ፀሐይዋ ስትበረታና የውሃ ኮዳው ሲጎድል አቀበቱ ይጀምራል። ስለዚህ መንገዶቹን በፎቶ ወይም በኪሎ ሜትር ብቻ ማወዳደር ያሳስታል። መጠየቅ ያለበት ከባሕሩ በየት እወጣለሁ፣ መውጫው ጥላ አለው ወይ፣ አንድ ሰው ቢደክም አቋርጦ አውቶቡስ የሚያገኝበት ቦታ አለ ወይ የሚለው ነው።

መጀመሪያ፦ ተራራው ክፍት ነው?

ከሰኔ 1 እስከ መስከረም 30 (በፈረንጆች አቆጣጠር) መግባትም አለመግባትም በየቀኑ በእሳት አደጋ ደረጃ ይወሰናል። የነገው ውሳኔ የሚወጣው ዛሬ ማምሻውን ሲሆን፣ የፓርኩ የስልክ መተግበሪያ «ሜ ካላንክ» ላይ ይታያል። ቀይ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ዝግ ነው፤ የሚወስነው ከሙቀቱ ይልቅ ነፋሱና ድርቀቱ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ አየሩ ቀዝቀዝ ብሎ ሳለ ተራራው የሚዘጋው ለዚህ ነው፦ ሚስትራል የሚባለው የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ነፍሷል ማለት ነው። ተዘግቶ ሳለ የገባ ሰው 135 ዩሮ ይቀጣል። ሲጋራና ማንኛውም እሳት ክልክል ነው፤ ድንኳን መትከልም ሆነ ሜዳ ላይ ማደርም እንዲሁ፣ በክረምትም ቢሆን። (እዚህ ክረምት የምንለው የአውሮፓን ቀዝቃዛ ወቅት፣ በጋ የምንለው ደግሞ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለውን ሙቀት ነው።)

ስለዚህ በሐምሌና ነሐሴ የአውሮፕላን ትኬት ለዚህ ጉዞ ብቻ መቁረጥ ብልህነት አይመስለንም። ለእግር ጉዞ የተመቹት ከመጋቢት እስከ ግንቦት እና ጥቅምትና ኅዳር ናቸው። ታኅሣሥና ጥርም ጥሩ ናቸው፤ ብርሃኑ ንጹሕ ነው፣ ሰው የለም። ግን ፀሐይ ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ (በፈረንሳይ አቆጣጠር) ትጠልቃለች፤ ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ደግሞ ከዚያ በፊት ይጨልማል።

ከካሲ፦ ፖር-ሚዩ፣ ፖር-ፓን፣ አን-ቮ

የብዙ ሰው የመጀመሪያ ምርጫ ይህ ነው፤ ምክንያትም አለው። ሦስት ካላንኮች እንደ ደረጃ በተራ ስለሚመጡ በፈለጋችሁበት ማቆም ትችላላችሁ። ከካሲ ወደብ ፖር-ሚዩ ግማሽ ሰዓት ያህል በከተማ መንገድ ነው። ፖር-ሚዩ ረጅም ጠባብ ወደብ ነው፣ ጀልባ ሞልቶበታል፣ መዋኛ አይደለም። ዳርቻው ላይ የድሮ የድንጋይ ካባ ምልክቶች ይታያሉ። በውሃው ሥር ደግሞ ከመሬት ውስጥ የሚመጣ ወንዝ ወደ ባሕር ይፈስሳል፤ ተራራው ላይ የሚዘንበው ዝናብ በድንጋዩ ስንጥቅ ሰርጎ የሚወጣው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ላይ ላይ ምንጭ እምብዛም የማታገኙት በዚህ የተነሳ ነው።

ከዚያ ሌላ ግማሽ ሰዓት ተጉዛችሁ ፖር-ፓን ትደርሳላችሁ። ትንሽ የባሕር ዳርቻ፣ ዙሪያውን የጥድ ጥላ። ልጅ ወይም አዛውንት ይዞ ለመጣ ሰው ጉዞው እዚህ ቢያበቃ ምንም አይጎድልበትም። ደርሶ መልሱ ከዕረፍቱ ጋር ግማሽ ቀን ነው፣ ከባድ አቀበትም የለውም።

ወደ አን-ቮ መቀጠል ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከፖር-ፓን ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ሸለቆውን ወጥታችሁ፣ ኮል የሚሉትን የተራራ በር ተሻግራችሁ፣ ከዚያ በቁልቁለት ትወርዳላችሁ። ችግሩ ያለው ይህ ቁልቁለት ላይ ነው። የኖራ ድንጋይ ከለስላሳ ማዕድን የተሠራ ስለሆነ በሺዎች የሚቆጠር ጫማ ከአሸዋ ጋር ሲፈትገው እንደ እብነ በረድ ይለሰልሳል። ሲያዩት ያብለጨልጫል፤ የሚያብለጨልጨው ድንጋይ ላይ እግር አይጣልም። ከዳር ያለው ግራጫና ሻካራው ይሻላል። ሰዎች የሚወድቁት ብዙውን ጊዜ ሲወርዱ ነው፤ ወደ ኋላ ተለጥጠው፣ ተረከዛቸውን አስቀድመው ስለሚረግጡ። ክብደታችሁን ወደ ፊት አድርጉ፣ ጉልበት ይታጠፍ፣ መላው ሶል ድንጋዩን ይንካ፤ በጣም በሚያሟልጨው ቦታ ፊታችሁን ወደ ድንጋዩ አዙራችሁ በእጅ ይዛችሁ ውረዱ። ምርኩዝ ከያዛችሁ እዚያ ጋ አጥፋችሁ ቦርሳ ውስጥ ክተቱት፤ እጃችሁ ያስፈልጋችኋል።

ከበላዩ ካለው ሜዳማ አናት በቀጥታ ወደ ባሕሩ የሚወርዱ አቋራጮችም ታያላችሁ። አትሞክሯቸው። አናቱ ላይ ሆኖ አን-ቮን ከላይ ማየት በራሱ የጉዞው ምርጥ ክፍል ነው፤ በብዛት የሚታየው ፎቶ የሚነሳው ከታች ሳይሆን ከዚያ ነው። ጉልበቱ የሚያምመው ሰው አናቱ ድረስ ሄዶ ቢመለስ ይሻለዋል።

ሙሉው ደርሶ መልስ ከካሲ ወደብ አራት ሰዓት ያህል የእግር መንገድ ነው፤ ዕረፍትና ዋና ሲጨመር ቀኑን ይወስዳል። ሲመለሱ ሁለት ጊዜ አቀበት አለ፦ ከአን-ቮ መውጫው፣ ከዚያም ከፖር-ፓን ወደ ፖር-ሚዩ። ለአንድ ሰው ሦስት ሊትር ውሃ ያዙ። በካሲ ወደብ ሳትሞሉ አትነሱ፤ ከከተማው በኋላ ቧንቧ የለም።

መጓጓዣው ትንሽ ያደናግራል። የካሲ ባቡር ጣቢያ ከወደቡ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ከማርሴይ ካስቴላን አደባባይ የሚነሳው አውቶቡስ ግን ከተማው ድረስ ያደርሳል። መኪና ያላችሁ ደግሞ በበጋ መንደሩ ውስጥ ማቆሚያ ስትፈልጉ ጠዋታችሁ ያልቃል፤ ከከተማው በላይ ጎርጌት የሚባለው ማቆሚያ ላይ ትታችሁ በማመላለሻ አውቶቡስ ውረዱ።

ከሉሚኒ፦ ሱጂቶን

መኪና ለሌለውና ጊዜ ላጠረው ሰው ከሁሉም የሚመቸው ይህ ነው። ከካስቴላን ቢ1 አውቶቡስ ሉሚኒ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ድረስ ይሄዳል፤ መጨረሻው ፌርማታ ላይ ወርዳችሁ ጉዞ መጀመር ነው። እስከ ሱጂቶን በር ሰፊና ለስላሳ የደን መንገድ ነው፣ 25 ደቂቃ ገደማ። ከዚያ ጥቂት ወጣ ብሎ የእይታ ሥፍራ አለ፤ ከታች ባሕሩ መሐል ቶርፒየር የሚሏት፣ የጦር መርከብ የምትመስል ትንሽ የድንጋይ ደሴት ትታያለች። ከበሩ እስከ ባሕሩ ሌላ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ቁልቁለት ነው፤ መጨረሻው ገደላማ ስለሆነ እጅ ይፈልጋል።

አሁን ቁም ነገሩ። በበጋ ሱጂቶን ያለ ቀጠሮ አይገባም። ከ2022 ጀምሮ በቀን 400 ሰው ብቻ ነው የሚፈቀደው፤ ከዚያ በፊት በበዛበት ቀን ከሺህ በላይ ሰው ይወርድ ነበር። ብዛቱ አፈሩን ረግጦ ጨረሰው፤ የጥዶቹ ሥር ባዶ ቀረ፣ ዝናብ ሲመጣ የተረፈውም ይታጠባል። አፈር ሲሄድ ዛፉ ይወድቃል፤ ጥላው የሚጠፋው እንዲህ ነው። ቀጠሮው በነፃ ነው፤ በፓርኩ ድረ ገጽ ከሦስት ቀን በፊት ይከፈታል፣ በዋዜማው ማምሻ ይዘጋል፣ በስም የተጻፈ ኪውአር ኮድ ይላክላችኋል። ከሰኔ ማብቂያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ በየቀኑ፣ ከዚያ በፊትና በኋላ ባሉት ሳምንታት ደግሞ በቅዳሜና እሑድ ይሠራል፤ ቀኖቹ በየዓመቱ ጥቂት ስለሚለዋወጡ ገጹን እዩ። ያለ ኮድ የወረደ 68 ዩሮ ይከፍላል። ተራራው በእሳት አደጋ ከተዘጋ ቀጠሮው ይሰረዛል፤ ኮድ አለኝ ማለት አያስገባም።

ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ፦ ቀጠሮው የሚጠየቀው ባሕሩ ዳር ለመውረድ ነው። የእይታ ሥፍራው ድረስ ለመሄድ አያስፈልግም። ቀጠሮ ያመለጠው ቡድን ጠዋት በማለዳ እይታው ድረስ ሄዶ፣ ሳንድዊቹን በልቶ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ አውቶቡሱ ላይ ሊመለስ ይችላል።

ከሱጂቶን መውጫው 200 ሜትር ያህል ከፍታ ነው፤ አብዛኛው ግን ሰፊ መንገድ ነው፣ በከፊልም ጥድ አለው። ማንም ቢደክም ቀስ ብሎ ይወጣል፣ አናቱ ላይ ከደረሰ አውቶቡሱ ቅርብ ነው። በመውጫ ስንለካ ከአን-ቮ በብዙ ይሻላል። ሁለት ሊትር ይበቃል።

ከካለሎንግ፦ የባሕሩ ዳር መንገድ

በምዕራብ ጫፍ አስፋልቱ የሚያልቅበት ትንሽ የዓሣ አጥማጆች መንደር ካለሎንግ ነው። 19 ቁጥር አውቶቡስ ይዛችሁ ማድራግ ደ ሞንርዶን፣ ከዚያ 20 ቁጥር እስከ መጨረሻው። ከመንደሩ እስከ ማርሴይቬይር ካላንክ አንድ ሰዓት ያህል የሚሆን መንገድ ነው፤ ከባሕሩ ብዙም ከፍ ሳይል ይወጣል ይወርዳል። ሲመለሱ የሚጠብቅ ትልቅ አቀበት የለም። ከባሕሩ ሳይርቅ መሄድ ለሚፈልግ፣ አቀበት ለሚያስፈራው ሰው የመጀመሪያ ምርጫችን ይህ ነው፤ ግን በክረምትና በጸደይ እንጂ በበጋ አይደለም። ዛፍ የለም ማለት ይቻላል። ነጩ ድንጋይ ብርሃኑን ከሥር መልሶ ይረጨዋል፤ ባርኔጣ አድርጎ አገጩ ሥር የሚቃጠል ሰው የተለመደ ነው። መነጽር ያስፈልጋል።

ተራራው ከጀርባ ስላለ ሚስትራል ሲነፍስ ይህ ዳርቻ ከሸንተረሮቹ ይሻላል። ፊት ለፊት የሪዩ ደሴቶች ናቸው። የደራሲውና የአብራሪው አንትዋን ደ ሳን-ቴግዙፔሪ የእጅ ሰንሰለት በ1998 የአንድ ዓሣ አጥማጅ መረብ ውስጥ የተገኘው በዚያ ባሕር ነው፤ የአውሮፕላኑ ስብርባሪም ኋላ ላይ ከዚያው ወጥቷል።

ከመንገዱ አትውጡ። ግራና ቀኙ ላይ እንደ ክብ ትራስ መሬት ላይ የተኛ እሾሃም ቁጥቋጦ ታያላችሁ፤ የማርሴይ ሰዎች «የአማት ትራስ» ይሉታል። በፈረንሳይ እየጠፋ ካለ የባሕር ዳር ዝርያ አንዱ ነው፤ የተረገጠ ቅርንጫፍ ቶሎ አያገግምም። ቀሪው ሽታ የምታውቁት ነው፦ የጥብስ ቅጠልና ጦስኝ።

ጊዜው ካጠረ ከካለሎንግ ወደ አሮጌው የመርከብ መጠበቂያ ማማ የሚወጣ የግማሽ ሰዓት መንገድ አለ፤ ለዚያች አጭር አቀበት የሚሰጠው እይታ ብዙ ነው። ጉልበት ያለው ደግሞ ወደ ማርሴይቬይር ጫፍ፣ 432 ሜትር ላይ ይወጣል፤ እዚያ በእጅ የሚያዙ ቦታዎች አሉ፣ ከላይ ማርሴይ በሙሉ ይታያል። ከማርሴይቬይር ካላንክ ወደ ምሥራቅ ለመቀጠል ካሰባችሁ ኮርቲዩ የሚባለው ቦታ ላይ ለመዋኘት አትዘጋጁ፤ የማርሴይ የተጣራ ፍሳሽ ወደ ባሕር የሚለቀቀው እዚያ ነው።

ሶርሚዩና ሞርጂዩ

ስለ ሁለቱ ብዙ አንልም፤ የሚወርደው አስፋልት ነው። በበጋ ለመኪና ዝግ ነው፣ በእግር ግን ይሄዳል። ለሶርሚዩ 23 ቁጥር፣ ለሞርጂዩ 22 ቁጥር አውቶቡስ (መጨረሻው ቦሜት እስር ቤት አጠገብ ነው)፤ ከዚያ 45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት። አስፋልት ላይ በሙቀት መውጣት ያሰለቻል፣ ግን ማንም አይጠፋበትም፣ ማንም አያንሸራትተውም። አሸዋ የሚፈልግ ሶርሚዩን ይምረጥ። ሞርጂዩ አካባቢ ስትሄዱ ከሥራችሁ የኮስኬር ዋሻ አለ፤ መግቢያው ከባሕር ወለል በታች 37 ሜትር ላይ ሲሆን ውስጡ ከበረዶው ዘመን የተሣሉ ፈረሶችና የባሕር ወፎች አሉት። ማየት የሚቻለው ግን ማርሴይ ከተማ ውስጥ በ2022 የተከፈተውን ቅጂ ነው። ከሞርጂዩ ወደ ሱጂቶን በባሕሩ በኩል የሚያገናኘው መንገድ የብረት መሰላልና ሰንሰለት አለው፤ ከፍታ የሚፈራ ሰው ይዛችሁ አትግቡበት።

ሞን ፑጄና ሙሉው መንገድ

ሞን ፑጄ ከሉሚኒ ተነስቶ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት የሚፈጅ ዙር ነው። ከሌሎቹ የሚለየው ድካሙ ጠዋት መሆኑ ነው፤ በዚህ ብቻ እንኳ ከባሕር ዳሩ ይልቅ ለልብ ይቀላል። የሚያስቸግረው ልቅ ጠጠርና ነፋሱ ነው። በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ሚስትራል ከተተነበየ ሸንተረሩን ተዉት፤ በአንድ እግር ቆማችሁ ሳለ የሚመጣ ውርጅብኝ ሚዛን ያስታል።

ከካለሎንግ እስከ ካሲ ያለው ጂአር 98-51 (ጂአር ምልክት የተደረገለት የፈረንሳይ ረጅም የእግር መንገድ ነው) ደግሞ 28 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በፍጥነት ለሚሄድ ሰው ከ10 እስከ 12 ሰዓት ይፈጃል። ኢትዮጵያ ውስጥ በቀን 30 ኪሎ ሜትር የሄደ ሰው «ምን አላት» ሊል ይችላል፤ እዚህ ግን በየሰዓቱ የሚሄደው 2 ኪሎ ሜትር ተኩል ብቻ የሆነው መንገዱ ኮረኮንች ስለሆነና ስለማያቋርጥ ወጣ ገባው ነው። ለሁለት ቀን ክፈሉት፦ አንደኛው ቀን ከካለሎንግ ሉሚኒ፣ ማታ በአውቶቡስ ወደ ከተማ ተመልሶ ማደር፣ ሁለተኛው ቀን ከሉሚኒ ካሲ። የመጀመሪያው ቀን ይቅር ባይ ነው፤ ሶርሚዩም ሞርጂዩም ላይ በአስፋልት ወደ አውቶቡስ መውጣት ይቻላል። ሁለተኛው ግን አይደለም። ከሱጂቶን በኋላ በዴቫንሶን ገደሎች አናት እስከ አን-ቮ ድረስ ጥላም የለም፣ በቀላሉ ወደ አውቶቡስ የሚያወጣ መንገድም የለም። ሱጂቶን በር ላይ ሆናችሁ ውሃችሁን እዩ፤ በሰው ከሦስት ሊትር በታች ከቀረ እዚያው ተመለሱ።

ካርታ ላይ «ዌይ ደ ቬር» የሚል መስመር ብታዩ ለእግረኛ አይደለም፤ ገመድ የሚፈልግ የተራራ መውጫ ነው።

ጫማ፣ ምልክት፣ ስልክ

ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ የግድ አይደለም፤ ሶሉ ግን የግድ ነው። ለስላሳና የሚይዝ ጎማ፣ ጥርሱ ያላለቀ። ለሩጫ የሚሠራ የመንገድ ስኒከር ሶሉ ሰፍነግ ስለሆነ ስለታም ድንጋይ ይበላዋል፣ በተላገው ድንጋይ ላይም ያንሸራትታል። ሰንደል ቦርሳ ውስጥ ለባሕሩ ብቻ። ዝናብ ከዘነበ በኋላ ድንጋዩ እስኪደርቅ አን-ቮንም የሞርጂዩን መሰላልም ተዉ።

ጂአሩ በነጭና ቀይ መስመር ይታወቃል፤ ሌሎቹ አንድ ቀለም ብቻ አላቸው። የመስቀል ምልክት ካያችሁ መንገዱ ያ አይደለም፣ ወደ ኋላ ተመለሱ። አሥር ደቂቃ ሄዳችሁ ቀለም ካላያችሁ ስታችኋል። የፈረንሳይ ካርታ ሥራ ተቋም (ኢጂኤን) የሚያትመው ባለ 1፡15,000 የካላንክ ካርታ በወረቀት ቢያዝ ይመረጣል፤ ሸለቆ ውስጥ ስልክ ብዙ ጊዜ አይሠራም። አደጋ ከደረሰ 112 ነው፤ ኔትወርክ ከሌለ ከተጎዳው ሰው ጋር አንድ ሰው ትታችሁ ወደ በሩ ውጡና ደውሉ።

መኪናችሁ ውስጥ የሚታይ ምንም ነገር አትተዉ፤ ራቅ ባሉት ማቆሚያዎች፣ በተለይ ጋርዲዮል ላይ፣ መስታወት መስበር የተለመደ ነው። ጋርዲዮል ግን በሌላ በኩል መጥቀስ ይገባዋል፦ ከጂኔስት መንገድ ላይ ተነስቶ በደን መንገድና በሰፊ ሸለቆ ወደ አን-ቮ የሚያወርድ አንድ ሰዓት ተኩል የሚሆን መንገድ አለው፤ ከካሲ በኩል ያለውን የሚያሟልጭ ቁልቁለት ያስቀራል።

ስለ ውሃው ሙቀት አንድ ነገር። ከጠንካራ ሚስትራል በኋላ ባሕሩ በሐምሌም ቢሆን 16 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል፤ ነፋሱ የሞቀውን የላይኛውን ውሃ ወደ መሐል ባሕር ስለሚገፋው ከሥር ቀዝቃዛው ይወጣል። ላብ በላብ ሆናችሁ ከድንጋይ ላይ አትዝለሉ፤ እግር፣ ክንድ፣ ደረት እያላችሁ ቀስ ብላችሁ ግቡ።